በሀና ማርያም ደጅ ለሚያልፉ ሁሉ

ይድረስ ለተከበሩ አንባቢ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው እዚሁ ሀና ማርያም ለሚኖሩትም፣ የሰፈራችንን ስም ከታክሲ ረዳት አፍ ብቻ ለሚሰሙትም ነው። ኦርቶዶክስ ይሁኑ ጴንጤ ወይም ካቶሊክ፣ ለኔ ልዩነት የለውም። መስጊድ የሚሄዱም ከሆነ ጎረቤት ነዎትና ያንብቡት፤ ጉዳዩ የሰፈር ጉዳይ ነው። በቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚሰጠው ብዙ ነው። ችግረኛው ቤት ገብቶ የሚያድረው ግን ትንሽ ነው። ይህን የማስተካከል ሥልጣን ደግሞ ከጳጳስ ይልቅ በእኔና በእርስዎ እጅ ያለ ይመስለኛል።

ወር በገባ በ21 ማለዳ ማንኛውም የማርያም ደጅ ምን እንደሚመስል ያውቁታል። ጧፍና ሻማ የሚሸጡት፣ ኖት ተቀብለው ሳንቲም የሚመነዝሩት፣ በመደዳ የተቀመጡት ነዳያን፣ ከጃንጥላ ሥር ጠረጴዛ ዘርግቶ በድምፅ ማጉያ «ለሕንፃው ማሠሪያ» የሚለው ወንድም፣ ሁሉም ከንጋት ጀምሮ ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ። አላፊው ምእመን ከዳር ጀምሮ አንድ አንድ ብር እየጣለ ይሄዳል። የተሳለ ዳቦ ይቆርሳል፣ ዝክር ያለበት ንፍሮ ይዘግናል። እኔን የሚገርመኝ ከበዓሉ በኋላ ያለው ነው። አንዲት እናት በግንቡ ጥግ ማዳበሪያ ዘርግተው የተሰጣቸውን ዳቦ በጣት በጣት እየቆራረሱ ፀሐይ ላይ ያሰጡታል። ድርቆሽ ሊያደርጉት ነው። አንድ ሰው የማይጨርሰው ዳቦ በአንድ ጠዋት ተሰጥቷቸዋል፤ እስከሚቀጥለው ወር ድረስ ግን የሚሰጣቸው እንደሌለ ከእኛ በላይ ያውቁታል። በውኃ እያራሱ ይበሉታል። እኛ ያን ቀን የጽድቅ ሥራ ሠርተን ቤታችን ገብተናል።

በክፋት እንዳይወስዱብኝ። የማርያምን ዝክር የሚያክል ነገር የለም፤ ያሳደገኝም እሱ ነው። ነገር ግን አያቶቻችን ደጅ ላይ መጣል ብቻውን እንደማይበቃ ስለገባቸው ሰንበቴን ሠሩ። የሰንበቴን ነገር ልብ ብለው ያውቃሉ? ማኅበርተኛው በየሰንበቱ ተራ ይዞ ዳቦውንና ጠላውን ያመጣል። ከቅዳሴ በኋላ ካህኑም፣ የቆሎ ተማሪውም፣ ደጅ የተቀመጠውም አብሮ ይቀምሳል። ተራው የማን እንደሆነ ይታወቃል፤ የቀረ ይጠየቃል፤ የታመመ ይጎበኛል፤ የሞተ በእድሩ ይቀበራል። የዚህ ጥበብ ቸርነቱ ብቻ አይደለም፤ ተራ ያለው መሆኑ ነው። ሰው ደስ ሲለው የሚሰጠውና ተራው ስለደረሰ የሚሰጠው ለተቀባዩ አንድ አይደለም። ሁለተኛው ስለ ነገ ያስተማምነዋል።

የሰፈራችን ችግር ይህ ተራ መቆረጡ ነው። ሀና ማርያም ትናንት የከተማው ዳር፣ ማሳና ሜዳ ነበር። ከዚያ ሰው ከየአቅጣጫው መጣ። ጨረቃ ቤት የሠራ፣ ኮንዶሚኒየም የደረሰው፣ ከመሐል ከተማ የተነሣ፣ ሃይሌ ጋርመንት አትክልት ተራ ሽንኩርትና ቲማቲም ለመሸከም ከገጠር የወረደ። በ2008 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ በሰፈራችን አካባቢ፣ በቀርሳ ኮንቶማ፣ ቤቶች ሲፈርሱ የሆነውን የሰፈሩ ሰው አይረሳውም፤ የሰው ሕይወትም ጠፍቶበታል። ስለ ሕጉና ስለ ካርታው ሌላ ሰው ይጻፍ። እኔ የምለው ቤት ሲፈርስ ከቆርቆሮው ጋር እድሩም፣ ሰንበቴውም፣ የጽዋ ማኅበሩም ይበተናል ነው። በዕጣ የደረሰ ፎቅ ላይ አራተኛና አምስተኛ የሚኖሩት አይተዋወቁም። እስከ ዛሬ ሁለት ታክሲ ይዘው ልደታና ጨርቆስ ድረስ ለድሮ እድራቸው የሚሄዱ ጎረቤቶች አሉኝ። እዚህ ቢታመሙ ግን ማን በራቸውን ያንኳኳል? ሁሉም አዲስ በሆነበት ሰፈር የጋራ አድራሻ ሆኖ የቀረው ቤተ ክርስቲያኑና የወንጌላውያኑ አዳራሽ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ታሪክ ልጨምር፤ ከክፍለ ከተማችን ጋርም ስለሚገናኝ ይታገሱኝ።

1964 ዓ.ም. ለሁለት አብያተ ክርስቲያናት የተለየ ዓመት ነበር። አቡነ ቴዎፍሎስ ፓትርያርክ ከሆኑ ገና ዓመት እየሞላቸው ነው። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽን የተቋቋመው ያኔ ነው። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1965፣ ቃለ ዓዋዲ ወጣ፤ ካህናትና ምእመናን በሰበካ ጉባኤ አብረው አጥቢያቸውን እንዲያስተዳድሩ ሕግ ተሠራ። ብዙ ሰው ያኔ ይህ ነገር ምን ይበጃል ብሎ ነበር ይባላል፤ ቤተ ክርስቲያን መሬት አላት፣ ከምእመን ኪስ ምን አገናኛት? ብዙ ሳይቆይ በየካቲት 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ፤ በሐምሌ ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ። ቤተ ክርስቲያን ለዘመናት የኖረችበትን ርስትና ኪራይ በአንድ ዓመት አጣች። ከዚያ ወዲህ ካህኑም ቀዳሹም ሲኖር የኖረው በአብዛኛው በሰበካ ጉባኤ በኩል በሚሰበሰብ የምእመን ገንዘብ ነው። እንግዲህ ይህን ያስተውሉልኝ። ከ1967 በኋላ እያንዳንዷ አጥቢያ፣ የእኛዋም ጭምር፣ በአስተናጋጅ፣ በሾፌር፣ በጉልት ነጋዴ ሳንቲም የቆመች ናት። ይህ ሰው ሲወድቅ ወደ ማን ይሂድ?

በዚያው በ1964፣ በግንቦት፣ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊ የነበሩባት የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን አንድ ጽሑፍ ላከች። የእነሱ ቅሬታ የእኛ ተገላቢጦሽ ነው። የአውሮፓ ለጋሾች ለጉድጓድ፣ ለክሊኒክና ለትምህርት ቤት ገንዘብ ይሰጣሉ፤ ለወንጌል ሥራ ሲጠየቁ ግን እጃቸው ያጥራል። የኢትዮጵያውያኑ መልስ ሰውን ነፍስና ሥጋ ብላችሁ አትክፈሉብን የሚል ነበር። ሁለንተናዊውን ሰው ማገልገል የሚለው የመካነ ኢየሱስ አነጋገር ከዚያ ጋር አብሮ የሚነሣ ነው። ከፈረንጅ ጋር እንዲህ መከራከር ቀላል አልነበረም። እኛ ዛሬ የምንፈልገው ክርክር በተቃራኒው ነው፤ ለሕንፃና ለመድረክ ሲሆን እጃችን ይረዝማል፣ ለጎረቤት ኪራይ ሲሆን ያጥራል።

የአቡነ ቴዎፍሎስና የቄስ ጉዲና መጨረሻቸው አንድ ሆነ። በ1971 ዓ.ም. ክረምት ደርግ ገደላቸው። ዐፅማቸው የተገኘው የደርጉ መሪ መንግሥቱ ከሸሸ በኋላ ነው። የአቡነ ቴዎፍሎስ ዐፅም በ1984 ዓ.ም. ጎፋ ቅዱስ ገብርኤል አረፈ። ጎፋም፣ የመካነ ኢየሱስ ሴሚናሪ ያለበት መካኒሳም በእኛው ንፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ ናቸው። አንዳንዴ ታክሲ ውስጥ ሆኜ በአንዱ አልፌ ወደ ሌላው ስሄድ፣ እነዚህ ሁለት የማይስማሙ ሃይማኖቶች በአንድ ዘመን አንድ ነገር ማሰባቸው ይደንቀኛል።

«ይህ የትልልቅ ሰዎች ታሪክ ነው፣ እኔ ምን አቅም አለኝ» እንዳይሉኝ፣ ስለ አበበች ጎበና ላስታውስዎ። ወይዘሮ አበበች በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለግሸን ማርያም ንግሥ ወደ ወሎ ሄዱ። የያዙት ዳቦና ጠበል ነበር፤ እንደማንኛውም ተሳላሚ። መንገድ ላይ ረሃብ አገኙ። ከሞተች እናቷ አጠገብ የተቀመጠች ሕፃን አዩ። ዳቦውን አካፍለው በዚያ አላበቁም፤ ሕፃናት ይዘው አዲስ አበባ ተመለሱ። ቤተሰብ አበዱ አላቸው፤ ትዳራቸውም በዚህ ፈረሰ። ከዚያ የወጣው ድርጅት ስንት ሺህ ሰው እንዳሳደገ ዛሬ አገር ያውቀዋል፤ በ2013 ዓ.ም. ሲያርፉም አገር አልቅሷል። ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው ግን ነገሩ የተጀመረው በቢሮ አለመሆኑን ነው። ለንግሥ የሄደች ሴት በመንገዷ ላይ የነበረውን አየች። እኛ ግሸን ደርሰን ስንመለስ መንገዱን የምናየው በስልካችን ካሜራ ነው።

ስለ ካሜራ ካነሣሁ፣ አንድ የሚያንገበግበኝ ነገር አለ። ለአንዲት መበለት አምስት ሊትር ዘይት ሲሰጥ አራት ስልክ ተደቅኖባት፣ እንድታለቅስ እየተጠበቀች፣ «ለተመልካቾቻችን ምን ይላሉ?» የምትባለው ነገር። ዘይቱ ሁለት ወር አይቆይም፤ ቪዲዮው ልጇ ትምህርት ቤት ድረስ ይከተላታል። በማንም ቤተ ክርስቲያን ስም ይደረግ፣ ይህ ምጽዋት አይደለም። ዘይቱን ሰጥተው ስልኩን ኪስ ውስጥ ይተዉት።

ሌላም አለ፤ ይህን በተለይ ለወንጌላውያን ወዳጆቼ፣ ከዚያም ለራሴ ወገን። በዱቄት ሃይማኖት ማስቀየር የሚባለው ክስ ለምን በየሰፈሩ እንደሚወራ ያውቃሉ። አንዳንዱ ሐሜት ነው፤ አንዳንዱ ግን እውነት አለው። ለተራበ ሰው መጀመሪያ ትራክት መስጠት ነውር ነው። የእኛም ሰው ደግሞ ከመስጠቱ በፊት «የክርስትና ስምህ ማነው?» የሚለው ነገር አለው። የ1977ቱ ረሃብ ጊዜ የካቶሊክና የመካነ ኢየሱስ አብያተ ክርስቲያናት በአንድ የርዳታ ጥምረት እህል ሲያጓጉዙ፣ በኋላም ኦርቶዶክሷ ስትጨመር፣ ወረፋ ላይ የቆመው ማተብህን አሳየኝ ሲባል አልሰማሁም። የሚያሳፍረው፣ ለሞት ጊዜ የተቻለን ለኪራይና ለደብተር ጊዜ አለመቻላችን ነው።

«ቤተ ክርስቲያን የነፍስ ናት፣ ይህ የመንግሥት ሥራ ነው» የሚሉኝ አሉ። እነዚህን ወደ ቅዳሴያችን እመልሳቸዋለሁ። ቅዳሴ ባስልዮስ በስሙ የሚጠራው ያ የቂሳርያ ጳጳስ በአራተኛው መቶ ዓመት ረሃብ ሲገባ ጎተራ ያላቸውን ባለጠጎች በስብከት ገሥጾ አላበቃም፤ ከከተማው ውጭ ለድሆች፣ ለበሽተኞችና ለመንገደኞች ማረፊያ ሠራ፤ ሐኪሞችና አስታማሚዎች አስገባበት። ከከተማ ውጭ! ልክ የእኛ ዓይነት ዳር ሰፈር ማለት ነው። በስሙ እየቀደስን ሥራውን ለወረዳ መተው አያምርብንም።

«ገንዘቡ ይበላል» የሚለው ግን ከባዱ ጥያቄ ነው፤ አላልፈውም። ይበላል፤ ሲበላም አይተናል። ነገር ግን መድኃኒቱ መስጠት ማቆም አይደለም። ሰበካ ጉባኤው ሲመረጥ ከእኛ ስንቶቻችን ቅዳሴው እንዳለቀ ሮጠን ሄድን? ቃለ ዓዋዲው ለምእመን ወንበር ሰጥቶታል፤ ወንበሩ ላይ የሚቀመጥ ሲጠፋ ደፋሩ ይቀመጥበታል። ሒሳብ አዋቂ ነዎት? ምርጫ ይግቡ። ነርስ ከሆኑ በወር አንድ ቅዳሜ ከቅዳሴ በኋላ የአረጋውያንን የደም ግፊት ይለኩ፤ ለዚህ አንድ ጠረጴዛና አንድ መሣሪያ ይበቃል። መምህር ከሆኑ የሰንበት ትምህርት ቤቱን አዳራሽ ለስምንተኛና ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች ማስጠኛ ይለምኑ፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ማታ ባዶ ነው። የቸርች አዳራሽም እንደዚያው።

የምጠይቅዎ ይህን ነው። በ21 ከሚጥሉት ሳንቲም ላይ ጥቂት ያስቀሩና ከአምስት ከስድስት ጎረቤት ጋር ተራ ያዋቅሩ። አንድ ሰው ይምረጡ፤ ስሟን የሚያውቋት፣ ቤቷ የሚገቡ። ከደጅ ለመነሣት ምን እንደሚያስፈልጋት ራሷን ይጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ የምንገምተው አይደለም። ዳቦ የምታደርቀው እናት ዳቦ አትፈልግ ይሆናል፤ የቤት ኪራይ ሦስት ወር፣ ወይም የቀበሌ መታወቂያ፣ ወይም የዓይን ሐኪም ይሆናል የቸገራት። መታወቂያ ለማውጣት አብሮ ወረዳ መሄድ ገንዘብ አያስወጣም፤ አንድ ቀን ያስወጣል። ተራውን በወረቀት ይጻፉና ካህኑ ዘንድ ወይም ፓስተሩ ዘንድ ያስቀምጡ፤ ማኅተም አያስፈልገውም።

መስከረም ሲደርስ ደብተርና ዩኒፎርም የሌላቸው ልጆች ይበዛሉ። ስለዚህ ወረቀቱ በነሐሴ መግቢያ ቢጀመር ጥሩ ነው፤ የፍልሰታ ጾም ጊዜ ብዙ ሰው ቤተ ክርስቲያን ስለሚሳለም ሰው ማግኘት ይቀላል። የመጀመሪያው ተራ የማን ይሁን በሚለው ላይ እንዳይጣሉ ዕጣ ይጣሉ። ኮንዶሚኒየም በዕጣ የተከፋፈልን ሰዎች ነን፤ ለዚህ አንቸገርም።

አክባሪዎ፣
የሀና ማርያም ጎረቤትዎ