አይቶ ማለፍና ጠብቆ ማለፍ

አገር ማየት አእምሮን ያሰፋል ሲባል ዘወትር እንሰማለን። አባባሉ እውነት ነው። ነገር ግን ተመልካቹ የሚያየውን ነገር እያበላሸ የሚያልፍ ከሆነ፥ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ምን ሊያይ ነው? ይህን ጥያቄ ለአንባቢዎቻችን፥ ይልቁንም ለተማሪዎችና ለወጣት የመንግሥት ሠራተኞች፥ በአንድ የጉብኝት ቀን ምሳሌነት እናቀርባለን።

በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ብዙ ቤተ ሰቦች የዕረፍት ጊዜያቸውን የሚያሳልፉት አልጋ፥ ማድቤትና የውሃ ማጠራቀሚያ ባለው ትልቅ መኪና እየተጓዙ ነው። ባለ ተንቀሳቃሽ ቤቱ መንገደኛ ሆቴል ሳይፈልግ በተፈቀደለት ሜዳ ያድራል። እንዲህ ያሉ መንገደኞች ከሚመርጧቸው ስፍራዎች አንዱ የሎውስቶን ነው። ይህ ስፍራ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1872 በሕግ የተከለለና በዓለም የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ የሚታወቅ ሲሆን፥ ስፋቱ 9,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

መንገደኛው ጧት በመጀመሪያ የሚሄደው ኦልድ ፌዝፉል ወደተባለው ፍል ውሃ ነው። በምድር ውስጥ ያለው የእሳተ ገሞራ ሙቀት የሚያፈላው ውሃ በጠባብ ቀዳዳ ታፍኖ ይቆይና፥ በየአንድ ሰዓት ተኩሉ ገደማ ገንፍሎ ከ30 እስከ 55 ሜትር ወደ ሰማይ ይወረወራል። እኩለ ቀን ላይ ግራንድ ፕሪዝማቲክ የተባለውን፥ ከ100 ሜትር በላይ ስፋት ያለውን ፍል ውሃ ያያል፤ መካከሉ ሰማያዊ ነው፥ ዳሩን ግን ሙቀት የሚስማማቸው ረቂቅ ነፍሳት ቢጫና ብርቱካንማ አድርገውታል። ከሰዓት በኋላ 94 ሜትር ቁልቁል የሚወረወረውን የየሎውስቶን ፏፏቴ፥ ወደ ማታም በሜዳ የሚግጡትን የአሜሪካ ጎሾች ይመለከታል።

ይህ ሁሉ ልብን ደስ ያሰኛል። ዳሩ ግን ከኦልድ ፌዝፉል ብዙ ሳይርቅ ሞርኒንግ ግሎሪ የሚባል ኩሬ አለ። ቀድሞ ጥርት ያለ ሰማያዊ ነበር። ጎብኚዎች ሳንቲም፥ ድንጋይና ልዩ ልዩ ጉድፍ ስለ ጣሉበት የሙቀቱ መውጫ በከፊል ተደፈነ፤ ውሃው በረደ፤ ቢጫው ቀለምም ከዳር ወደ መካከል ገባ። እያንዳንዱ ጎብኚ «የእኔ አንዲት ሳንቲም ምን ታደርጋለች?» ብሎ ይሆናል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፥ ትንንሽ ጥፋትም ሲያብር ምንጭ ይደፍናል።

ጉዳቱ በውበት ላይ ብቻ ነው የሚል ቢኖር ይህን ይስማ። በ1966 ቶማስ ብሮክ የተባሉት የሳይንስ ሊቅ ከተማሪያቸው ከሃድሰን ፍሪዝ ጋር በዚሁ ፓርክ ፍል ውሃ ውስጥ ቴርመስ አኳቲከስ የተባለውን ባክቴሪያ አገኙ። ከእርሱ የተገኘው ኤንዛይም ፒሲአር ለተባለው የምርመራ ዘዴ ትልቅ ረዳት ሆነ፤ ዛሬ በብዙ አገር በሽታ የሚለየው በዚህ ዘዴ ነው። በ1872 ፓርኩን የከለሉት ሰዎች ይህን አያውቁም ነበር። ጥቅሙን ገና ያላወቁትን ነገር ጠብቀው አቆዩ።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በ1978 የመጀመሪያዎቹ 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘገቡ የሎውስቶንና የእኛው የስሜን ተራሮች ፓርክ አብረው ተጽፈዋል። ሁለቱም ደግሞ አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ዝርዝር ገብተው ነበር፤ የሎውስቶን ከ1995 እስከ 2003፥ ስሜን ከ1996 እስከ 2017። እዚያ በአቅራቢያው ሊከፈት የታሰበ የማዕድን ቁፋሮ፥ እዚህ የዋልያው ቁጥር ማነስና የእርሻው መስፋፋት ከምክንያቶቹ መካከል ነበሩ። ስለዚህ ሀብት ብቻውን ቅርስን አይጠብቅም፥ ድህነትም ብቻውን አያጠፋውም። ጥበቃው ዋጋ እንዳለውም አንዘንጋ፤ በስሜን የግጭ መንደር ገበሬዎች ከኖሩበት ተነሥተዋል፥ በየሎውስቶንም የአገሩ ነባር ሕዝቦች ተገፍተዋል። ሌላው ይህን ያህል የከፈለበትን ስፍራ ጎብኚ በቸልታ ቢያበላሸው ነውሩ እጥፍ ነው።

ወደ መንገደኛችን እንመለስ። ሲመሽ ፊሺንግ ብሪጅ በተባለው ስፍራ ያድራል፤ በዚያ ድብ ስለሚመላለስ በሸራ ድንኳን ማደር ክልክል ነው። ምግቡን ይዘጋል፤ ያገለገለውን ውሃ በሜዳ ሳይሆን በተወሰነለት ጉድጓድ ብቻ ያፈሳል። ቤቱን ይዞ የመጣ ሰው ጉድፉንም ይዞ ይመለሳል።

ተማሪው ለጉብኝት ሲወጣ ይህን ልማድ ከዛሬ ይጀምር። ወጣቱ ሠራተኛም ነገ ስለ መንገድ፥ ስለ ሆቴልና ስለ እርሻ ቦታ የሚወስን ወረቀት በጠረጴዛው ላይ ይቀርብለታል። በዚያን ጊዜ ሞርኒንግ ግሎሪን ያስታውስ፤ የእርሱ አንዲት ፊርማ ከሺህ ሳንቲም ይልቅ ምንጭ ልትደፍን ትችላለችና።