ከክሪኩ በፊት

የእንቁጣጣሽ ማግስት ነበር። ከባሕር ዳር ጎንደር አማቴ ዘንድ እየሄድን፣ ወረታንና የፎገራን የሩዝ ማሳ አልፈን፣ የርብን ድልድይ ተሻግረን ይፋግ ልንገባ ጥቂት ሲቀረን የቪትዛችን የፊት ቀኝ ጎማ ተነፈሰ። ባለቤቴ ከአስፋልቱ ወርዶ ጥግ ያዘ። ጥጉ ክረምቱን ሙሉ ውሃ ሲጠጣ የከረመ ዋልካ ነው፤ ጫማ እንኳ ይውጣል።

ልጆቹን ከኋላ ወንበር አላወረድናቸውም። "ጭቃ ነው፣ እዚያው ይቀመጡ" ያልኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱን ለባለቤቴ ብቻ እንዳላሸክመው። እሱ ክሪኩን አስገብቶ መኪናውን አነሳ፣ ብሎኖቹን መፍታት ጀመረ። ሦስተኛው እምቢ ብሎት ሲታገል መኪናው ወደ ኋላ ሸርተት አለ። ክሪኩ ተንጋደደ፣ መኪናው የተነፈሰው ጎማ ላይ ዘጭ አለ፣ ልጆቹ ጮኹ። ባለቤቴ እጁን ከጎማው ሥር ካወጣ ሁለት ሰከንድ አልሞላውም።

ከኋላችን ይመጣ የነበረ አይሱዙ ቆመ። ረዳቱ ወርዶ መጣ፤ ዕድሜው ሃያ አይሞላም።

"እትዬ፣ መጀመሪያ ልጆቹን ያውርዷቸው" አለኝ። ቀጥሎ ወደ ባለቤቴ ዞረና "ጋሼ፣ የእጅ ፍሬን ስበዋል?"

"ፒ ላይ ነው እኮ!"

ልጁ መልስ አልሰጠም፤ ገብቶ የእጅ ፍሬኑን ሳበው። ምክንያቱን በኋላ መካኒክ ነው ያስረዳን። "ፒ" የሚይዘው ካምቢዮውን ነው። ቪትዛችን በፊት ጎማ የሚነዳ ስለሆነ አንዱ የፊት ጎማ ከመሬት ሲለቅ ሌላው ለመዞር ነፃ ይሆናል፤ ያኔ መኪናውን የሚይዘው የኋላውን ጎማ የሚቆልፈው የእጅ ፍሬን ብቻ ነው። ስምንት ዓመት መኪና ስንይዝ ይህን ሁለታችንም አናውቅም ነበር።

ከዚያ ረዳቱ ድንጋይ ፈልጎ ለኋላው ግራ ጎማ ከፊትም ከኋላም ታኮ አደረገ። ከአይሱዙው ጭነት መሐል ወፍራም ጣውላ አምጥቶ ክሪኩን እላዩ ላይ አቆመ። ብሎኖቹን ጎማው መሬት ላይ ሳለ አላልቶ ነው ያነሳው። ስኮርታውን እስኪገጥም ድረስ ከመኪናው ጎን ሥር አስተኛት፤ ክሪኩ ቢከዳ መኪናው የሚያርፈው ጎማ ላይ እንጂ ሰው ላይ አይደለም። አሥር ደቂቃም አልፈጀበት።

ይህን ሰሞኑን ያስታወሰኝ ቨርጂኒያ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ነው። ቤተሰቡን ይዞ ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ሊያድር ተጎታች ቤት ተከራየ። እንደ ተሳቢ ከመኪና ኋላ የሚታሰር፣ አልጋና ማብሰያ ያለው ክፍል ነው። አራት ማዕዘኑ ላይ በመዘውር የሚወርዱ እግሮች አሉት። ቦታው ዘመም ያለ ስለነበር ወንድሜ ዝቅ ያለውን ማዕዘን በእግሩ እያዞረ ወደ ላይ ገፋው። "ቀና አለልኝ" ብሎ ሲደሰት በሩ አልዘጋ አለው። ደወለልኝና "ቤቱ ጠማማ ነው የሰጡኝ" አለ።

ጠማማ ያደረገው እሱ ራሱ ነው። እነዚያ እግሮች ለማንሳት አልተሠሩም። ተጎታች ቤት የሚቀመጠው መሐሉ ላይ ባሉት ጎማዎችና ባሌስትራ ስለሆነ አንድ ሰው ወደ ሽንት ቤት በተነሳ ቁጥር የተኛው ሁሉ ይወዛወዛል። የእግሮቹ ሥራ ያንን ውዝዋዜ መቀነስ ብቻ ነው፤ ክብደቱ ጎማው ላይ ይቀራል። በአንድ ጥግ ሲገፉት ሻንሲው ይጠመዘዛል፣ የበሩ ማዕዘን ይዛባል፣ ሲብስም እግሩ ራሱ ይጎብጣል።

ግራና ቀኙ የሚስተካከለው ዝቅ ባለው ወገን ጎማው ሥር ጣውላ አድርጎ እላዩ ላይ በመንዳት ነው። ከዚያ ታኮ፤ ከጎታቹ መኪና ከመፍታት በፊት። ያለ ታኮ የተፈታ ቤት ዳገት ላይ ካለ እየተንከባለለ ሊሄድ ይችላል። ፊትና ኋላው መጎተቻው ላይ ባለው ዋና ክሪክ በውሃ ልክ ይስተካከላል። እግሮቹ የሚወርዱት በመጨረሻ ነው፤ መሬቱ ለስላሳ ከሆነ ጣውላ ላይ፣ ጠበቅ እስኪሉ ብቻ።

እንግሊዝኛው ማንሻውንም ማረጋጊያውንም "ጃክ" ይላቸዋል። እኔ እንጀራዬ ማርኬቲንግ ነውና እንዲህ ያለ ስም ያወጣ ባልደረባ ቢኖረኝ በስብሰባ ላይ እከራከረው ነበር። የእኛም "ክሪክ" የዋህ አይደለም፤ ሰው አንስቶ የሚይዝ ይመስለዋል። ክሪክ ያነሳል እንጂ አይይዝም፤ ሥሩ መግባት የሚፈልግ ሰው የብረት መደገፊያ ማቆም አለበት።

ወንድሜ አራቱንም እግር መልሶ ወደ ላይ ሰብስቦ ከመጀመሪያው ጀመረ። በሩ ተዘጋ። "ይህን ሁሉ ከየት ተማርሽ?" ሲለኝ "ይፋግ" አልኩት። አላመነኝም።

ያን ቀን ለረዳቱ ብር ብንዘረጋለት አልቀበልም አለ፤ ይልቁንም "መንገዱ ገና ነው፣ ያዙት" ብሎ ጣውላውን ተወልን። ባለፈው ሳምንት መኪና የሚያጥበው ልጅ ከዕቃ ማስቀመጫው አወጣውና "ይጣል?" አለ። ባለቤቴ ከእጁ ተቀብሎ፣ ጭቃውን በጨርቅ ጠርጎ፣ ስኮርታው ሥር መለሰው።