መዋጮው ሃይማኖት ይጠይቃል?

ኩዌት ያለች ሐበሻ ሃይማኖቷን ብትቀይር ተቀባይ አታጣም። ጴንጤ ብትሆን በዝማሬና በእልልታ ይቀበሏታል፤ ብትሰልም «ማሻአላህ» እየተባለች ትታቀፋለች፤ ተጸጽታ ወደ ጥንቱ ብትመለስም የንስሐ አባት አለላት። ማመን ያቆመችው ግን መሄጃ የላትም። ከአንዱ ደጅ ወጥታ ሌላው ደጅ ካልገባች እንደ ጠፋች ትቆጠራለች። ዛሬ ላነሣ የፈለግሁት የእሷን ነገር ነው። እኔ ራሴ አማኝ ነኝ፤ ስለ እግዚአብሔር መኖርና አለመኖር ለመከራከር አልተነሣሁም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በዚህ አገር የሐበሻን መረዳጃ ሁሉ በእምነት ደጅ በኩል ብቻ ካሳለፍነው፣ ደጁን የተወች ሴት ስትታመም ወይም ስትሞት ማን ይደርስላታል?

ዓርብን እዚህ ያሳለፈ ሰው የምለውን ያውቃል። በኩዌት ሲቲ ቂብላ ሠፈር ያለው የብሔራዊ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ዓርብ ዕለት መቆሚያ የለውም። ሕንዱ፣ ፊሊፒኖው፣ ግብጻዊው፣ የእኛም ሰው በየቋንቋው ለማምለክ ግቢውን በሰዓት ይከፋፈለዋል። ከዚያው ሳይርቅ የካቶሊኮቹ ካቴድራል አለ። በሌላ በኩል ደግሞ በ1978 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተቋቋመው እስልምናን የማስተዋወቂያ ኮሚቴ ለውጭ አገር ሠራተኞች በየቋንቋቸው መጻሕፍት ያዘጋጃል፣ ያስተምራልም።

እነዚህ ቦታዎች ለሐበሻዋ ጸሎት ቤት ብቻ አይደሉም። የሥራ ወሬ የሚሰማው እዚያ ነው። ማዳሟ ደሞዝ የያዘችባት ምክር የምትጠይቀው፣ ኢቃማዋ (የመኖሪያ ፈቃዷ) የተቃጠለባት «ምን ይሻለኛል» የምትለው እዚያ ነው። አንዲት ስትሞት አስከሬኗን ወደ አገር ለመላክ ዲናር የሚለቀመውም በዚያው በኩል ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ መጠየቅ ይገባል፤ ምክንያቱም አገር ቤት እንዲህ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ዕድር የሠፈር ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድ ዕድር ይከፍላል፣ በአንድ ድንኳን ይቀመጣል፣ ለቀብር አብሮ ይወጣል፤ ጸሎቱን ግን እያንዳንዱ በየሥርዓቱ ያደርሳል። የኩዌቷ የቤት ሠራተኛ ሠፈር የላትም። አንዷ ጃብሪያ፣ አንዷ ሚሽረፍ፣ አንዷ ባያን፣ በየቪላው ብቻ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ጎረቤት ሳይኖር የሠፈር ዕድር አይኖርምና፣ ሰዎቹን ሊሰበስብ የቻለው የአምልኮው ቀን ብቻ ሆነ። መረዳጃው የሃይማኖት የሆነው ማንም ክፉ አስቦ አይደለም። ውጤቱ ግን ከባድ ነው፤ እምነቷን የተወች ሴት ከእምነቷ ጋር ዕድሯንም ታጣለች።

ሳልሚያ ውስጥ የማውቃት አንዲት የወሎ ልጅ አለች። ያሳደጓት ማርያምን የሚዘክሩ፣ ጾም የማያፈርሱ ሰዎች ናቸው። ነገሩ የጀመራት የማዳሟን አሮጊት እናት ስታስታምም ነው። «ሌሊት ተነሥታ ስትጸልይ እሰማታለሁ» አለችኝ። «ድምፅዋ ቁርጥ የእናቴ ነው። እናቴም እዚያ ለእኔ ታለቅሳለች፣ እሷም እዚህ አላህ ልብሽን ይክፈተው ትለኛለች። ሁለቱም እርግጠኛ ናቸው፣ ሁለቱም ይወዱኛል። ታዲያ የተሳሳተችው ማናቸው ናት ብዬ ማሰብ ጀመርኩ፣ ከዚያ ወዲያ ማቆም አልቻልኩም።» ጥያቄው ዓመታት ወሰደባት። ዛሬ በልቧ የቀረ እምነት የለም።

«ታዲያ ዓርብ ዓርብ ስትዘምሪ የማይሽ?» አልኳት።

«ካልዘመርኩማ ዓርብ የለኝም፣ እህቴ።»

ይህ መልስ እንዲገባን የሕጉንና የኑሮውን ልዩነት ማየት ያስፈልጋል። በ2015 የወጣው የኩዌት የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 68 በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት ይፈቅዳል፤ አሠሪ ፓስፖርት እንዳይዝም ይከለክላል። በተግባር ግን ዕረፍቱ የሚገኘው በማዳም በጎ ፈቃድ ነው። «ቤተ ክርስቲያን ልሂድ» የምትል ሠራተኛ ምክንያቷ ለአሠሪዋ ይገባል፤ ፈጣሪን የሚፈራ ቤተሰብ ሌላው ፈጣሪውን ሲያመልክ መከልከል ይከብደዋል። «ከጓደኞቼ ጋር ቡና ልጠጣ» የምትል ግን ወዴት ልትሄድ ነው ተብላ ትጠረጠራለች። ስለዚህ ይህች ልጅ እውነቱን ብትናገር የምታጣው መዝሙሩን ብቻ አይደለም። ከቪላው የምትወጣበትን ቀን፣ የምታወራበትን ቋንቋ፣ የምትታመምበት ዕለት የሚፈልጋትን ሰው ሁሉ አብራ ታጣለች።

እኛ ግን እምነቷን የተወች ሴት ወሬ ስንሰማ ሁለት ማብራሪያ ብቻ ነው የተዘጋጀልን፤ ወይ አስገድደዋታል፣ ወይ ለጥቅም ነው። «ዐረብ አገር ሄዳ ማተቧን በጠሰች» ይባላል፣ ያልቃል። ሁለቱም ከእውነት የራቁ ናቸው አልልም። ደላላ «የሙስሊም ስም ይሻላል» ብሎ ፓስፖርታቸው ላይ ስማቸውን የቀየረባቸው ክርስቲያን ሴቶች እንዳሉ የማያውቅ የለም። ግን በሰው ልብ ውስጥ የሚሆነውን ሁሉ በእነዚህ ሁለት መጨረስ ስንፍና ነው። አቲያ አሕመድ የተባለች አንትሮፖሎጂስት ኩዌት ውስጥ ስለሰለሙ የደቡብ እስያ የቤት ሠራተኞች አጥንታ በ2017 መጽሐፍ አሳትማለች። ያገኘችው ግዴታም፣ ጥቅም ፍለጋም፣ ድንገተኛ መብረቅም አይደለም። ለውጡ በወጥ ቤትና በልጅ ማሳደግ፣ አብሮ በመዋልና በመነጋገር፣ ቀስ በቀስ የመጣ ነው። ወደ እምነት መግባት እንዲህ ቀስ ብሎ በቤት ውስጥ ኑሮ የሚሆን ከሆነ፣ ከእምነት መውጣትም በዚያው መንገድ ሊሆን እንደሚችል ለምን ይጠፋናል? የሳልሚያዋ ልጅ የጠየቀችው በአንድ አሮጊት አልጋ አጠገብ ነው። ማንም አላስገደዳትም፣ ያተረፈችውም ነገር የለም።

የአገሩን ሕግ ካነሣሁ አይቀር ልጨምር። የ1962ቱ የኩዌት ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 የእምነት ነፃነት ፍጹም ነው ይላል፤ አንቀጽ 2 ደግሞ የመንግሥቱ ሃይማኖት እስልምና፣ ሸሪዓም ከሕግ ዋና ምንጮች አንዱ ነው ይላል። ኩዌታዊ ክርስቲያኖች አሉ፤ አማኑኤል ገሪብ የተባሉት ኩዌታዊ በ1999 የዚያው የቂብላው ቤተ ክርስቲያን ፓስተር ሆነዋል። ከእስልምና የወጣ ኩዌታዊ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ሑሴን ቀንበር ዓሊ የተባለ ሰው ክርስቲያን ሆኛለሁ አለ። የወንጀል ሕጉ ሃይማኖት መተውን የሚቀጣበት አንቀጽ የለውም። ነገሩ ፍርድ ቤት የደረሰው ከሚስቱ ጋር በልጆች በተጣላ ጊዜ፣ በሺዓ የቤተሰብ ፍርድ ቤት ነው፤ ዳኛውም በ1996 ከሃዲ ነው ብለው ወሰኑበት። በዚያው ዓመት አገሩን ጥሎ ወጣ። በቤተሰብ ሕጉ ከእስልምና የወጣ ሰው ትዳሩና ውርሱ ይነካል፤ በዜግነት ሕጉ ደግሞ ዜግነት የሚሰጠው የውጭ አገር ሰው ሙስሊም መሆን አለበት፣ እስልምናን ከተወም ዜግነቱ ይቀራል።

ይህን የጻፍኩት የባለ አገሩን ሕግ ለመንቀፍ ብዬ አይደለም። በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ ነገር ስለታየኝ ነው። እምነት የተወ ሰው ቅጣቱ የሚመጣበት በወኅኒ ቤት በኩል አይደለም፤ በልጆቹ፣ በትዳሩ፣ በውርሱ፣ ማለትም በዘመድ በኩል ነው። ይህ ደግሞ የእኛም ጠባይ ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 የሃይማኖት፣ የእምነትና የአመለካከት ነፃነትን ያረጋግጣል፤ ማንንም ሰው የሚፈልገውን እምነት እንዳይዝ በኃይል ማገድ ክልክል ነው። ግን ኩዌት ያለች ሐበሻ «አላምንም» ብትል የሚያስፈራት ሕጉ አይደለም። የሚያስፈራት እናቷ በኀፍረት ከማኅበር መቅረቷ ነው፤ ዓርብ ዕለት ስልኳ አለመጮሁ ነው። ሕግ የተወውን ቅጣት እኛው ወስደን እናስፈጽመዋለን።

ይህ ዝምታ አዲስም አይደለም። «ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ»ን ያነበበ ያስታውሳል። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ ካቶሊኩና ኦርቶዶክሱ በተፋጀበት ጊዜ፣ ዘርዓ ያዕቆብ ሸሽቶ ዋሻ ይገባና ሰዎች ሁሉ የእኔ እምነት ብቻ እውነት ነው የሚሉት ለምንድን ነው ብሎ ይመረምራል። ፈጣሪን አልካደም፤ በሃይማኖቶች ሥርዓት ላይ የነበረውን እምነት ግን ተወ። ከዚያ እንፍራዝ ወርዶ ሲኖር ለሰው ክርስቲያን መስሎ ይታይ እንደነበር፣ በልቡ ግን ከፈጣሪ ሌላ የሚያምነው እንዳልነበረው ራሱ ይናገራል። መጽሐፉን በእርግጥ እሱ ጻፈው ወይስ በ19ኛው መቶ ዘመን የነበረው ጣሊያናዊ ሚስዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልበረደም። ማንም ይጻፈው፣ የተጻፈው ሁኔታ ግን እውነት ነው፤ በሰው ቤት ተጠግቶ የሚኖር ሰው እንጀራውና መጠለያው ከሰው ሲሆን ጥያቄውን ይደብቃል። የሳልሚያዋ ልጅ ከዚህ የተለየ ምን አደረገች?

አንድ ወዳጄ ይህን አሳቤን ሰምቶ፣ «ማኅበራችንን የመሠረትነው በስመ ሥላሴ ነው፤ የማታምን ሰው በምን መብቷ?» ብሎ ተቆጣኝ። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ቁርባን የቤተ ክርስቲያን ነው፣ ፍትሐት የአማኝ ነው፣ የጀናዛ ሰላት የሙስሊም ነው። የማያምን ሰው ይህን ስጡኝ የማለት መብት የለውም፣ ብልህ ከሆነም አይጠይቅም። ከእምነት መውጣትም እምነትን ለመስደብ ፈቃድ አይደለም። እዚህ አገር ስድቡ በሕግም ያስጠይቃል፤ በ2012 ፓርላማው ቅጣቱን እስከ ሞት ለማድረስ ድምፅ ሰጥቶ አሚሩ አልፈርምም ባይሉ ኖሮ ከዚህም የባሰ ይሆን ነበር። ግን የአውሮፕላን ትኬት ቁርባን አይደለም። የሆስፒታል ሂሳብ ፍትሐት አይደለም። ከቤት ወጥታ መጠጊያ ላጣች ልጅ ፍራሽ ማንጠፍ ሰላትም ቅዳሴም አይደለም። እነዚህ የሰው ናቸው። ሥርዓቱን ከመረዳጃው መለየት ሃይማኖትን አያዋርድም። እንዲያውም ያከብረዋል፤ ትኬት ፍለጋ የሚዘምሩ ሰዎች ቁጥር ሲቀንስ የሚዘምረው ሁሉ ከልቡ ይሆናል።

ለዚህ ደግሞ ከራሳችን የተሻለ አስተማሪ የለንም። በ615 ገደማ ከመካ የተሰደዱት የነቢዩ ተከታዮች ወደ አክሱም ሲመጡ ንጉሡ የተቀበላቸው ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ ጠይቆ አይደለም። ከእነሱ መካከል ኡበይዱላህ ኢብን ጃሕሽ የተባለው እዚያው ሳለ ክርስቲያን እንደሆነ፣ ሚስቱ ኡሙ ሐቢባ ግን በእስልምናዋ እንደጸናች የእስልምና ታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። አንድ ስደተኛ ቤት፣ ሁለት እምነት። ባሏ ሲሞት ክርስቲያን ሆና ባሏን ባለመከተሏ አልተጣለችም፤ ነቢዩ ሲያጯት የጋብቻውን ውል ያስፈጸመላት ያው ንጉሥ እንደነበር ታሪኩ ይተርካል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ኢትዮጵያዊ ይህን ታሪክ በኩራት ያነሣዋል። ያኔ ስደተኞቹ እነሱ ነበሩ፣ ዛሬ ደግሞ እኛ ነን። እንግዲያው ለእንግዳ ያደረግነውን ለእኅታችን መንሳት እንዴት ይሆናል?

የምለው ትልቅ ነገር አይደለም፣ አዲስ ድርጅትም አያስፈልገውም። በየጉባኤውና በየጀማዓው መዋጮ የሚሰበስቡ ሰዎች ለሕመም፣ ለእስርና ለአስከሬን የሚሆነውን ገንዘብ ከአምልኮው ገንዘብ ይለዩት፤ ጉባኤዎቹና ጀማዓዎቹም በዚህ ብቻ እርስ በርስ ይነጋገሩ፣ አገር ቤት በዕድር እንደሚያደርጉት። ዲናሩ ሲለቀም «የማን ናት?» የሚለው ጥያቄ «ምን ሆነች?» ከሚለው በፊት አይምጣ። ከዓርብ ጉባኤ የቀረች ልጅ ስትኖር «ወድቃለች» ብለን ከማውራታችን በፊት ደውለን ደኅንነቷን እንጠይቅ፤ ስትመልስም ስለ እምነቷ አናፋጣት። ብትሞት ፍትሐት ይደረግላት አይደረግላት የሚለውን ቤተሰቧና ካህኑ ይጨርሱት። ትኬቱን ግን እኛ እንቁረጥ።