ባለአደራ ሲሄድ አደራው ይቈጠር

እንደሚታወቀው ጊዜያዊ አስተዳደር የሚቋቋመው ሕዝብ የመረጠው እስኪተካ ድረስ ነው። ይሁን እንጂ ጊዜያዊ የተባለው ሲረዝምና ስንብቱም በውዝግብ ሲፈጸም፣ ጉዳቱ በከተማው ወሰን ብቻ አይቀርም።

የአዲስ አበባ ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው። በ1995 ዓ.ም. የተቋቋመው፣ በአቶ አርከበ ዕቁባይ የተመራው ጊዜያዊ አስተዳደር ሥልጣኑን ያስረክባል ተብሎ የተጠበቀው በግንቦት 1997 ዓ.ም. ምርጫ ለሚያሸንፈው ወገን ነበር። ነገር ግን ከምርጫው በኋላ በተነሣው ውዝግብ አሸናፊዎቹ ሳይረከቡ ቀሩ። በግንቦት 1998 ዓ.ም. ጊዜያዊው ሲሰናበት የተተካውም በአቶ ብርሃነ ደሬሳ የተመራ ባለአደራ አስተዳደር ሆነ። ከተማው በተመረጠ ምክር ቤት መተዳደር የጀመረው በ2000 ዓ.ም. ነው።

በእነዚያ ዓመታት የኮንዶሚኒየም ግንባታ ተጀምሮ ከተማው ወደ እርሻው ገፋ። ምትክ ሳያገኝ መሬቱን ለዘለቄታው ለሚለቅ ገበሬ፣ በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 የዓመት ገቢውን 10 እጥፍ ካሳ ደነገገ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ወደ 15 እጥፍ ከፍ አደረገው። ይሁንና የካሳው ስሌት የሚቆመው በልኬታና በመዝገብ ላይ ነው። ፈራሚው ሹም ሲሄድ መዝገቡም አብሮ ከጠፋ ገበሬው በምን ይከራከራል?

ስለዚህ ከከተማ ጋር የሚዋሰን የገበሬ ማኅበር መሪ ሁሉ የልኬታውን ቃለ ጉባኤና የካሳውን ውሳኔ፣ ማኅተም ያረፈበት ግልባጭ በወቅቱ ተቀብሎ ማስቀመጥ ይገባዋል። አስተዳዳሪ ሲለወጥም ያልተከፈለው ካሳ በርክክቡ ሰነድ ላይ በስም ተዘርዝሮ እንዲሰፍር አጥብቆ ይጠይቅ። ሹም ይሻራል፤ የገበሬው አደራ ግን ከሹሙ ጋር አይሻርም።