“አርጅቷል” የምትል ሰበብ

“አርጅቷል” የምትለዋ ቃል ስንት ውሻ አስጥላለች! ዓመታት ሙሉ በር ሲጠብቅ የኖረ ውሻ አንድ ጠዋት ለመነሳት ሲያቃስት “በቃ፣ አርጅቷል” ይባላል። ውሃ አልጠግብ ብሎ ግቢውን በሽንት ሲያጥለቀልቀውም መልሱ ያው ነው። ከዚያ ለአንዱ የሰፈር ልጅ ትንሽ ብር ይሰጠውና ከከተማ ወጣ አድርጎ ይጥለዋል። በሳምንቱ ከቴሌግራም የተገዛ ቡችላ ይመጣል፤ ፎቶው ስቶሪ ላይ ይለጠፋል።

እርጅና እኮ በሽታ አይደለም። ሲነሳ የሚያቃስት ውሻ ብዙ ጊዜ መገጣጠሚያውን እያመመው ነው። በተለይ የምንሻማበት ጀርመን ሸፐርድ ለዳሌ መገጣጠሚያ ችግር በዘሩ የተጋለጠ ነው፤ ቡችላውን ሲሸጥ ይህን የሚናገር ሰው ግን አላየሁም። ውሃ የሚያበዛው ደግሞ ኩላሊቱና ስኳሩ መታየት አለበት። እነዚህ በሽታዎች ሙሉ በሙሉ ላይድኑ ይችላሉ፤ ሕመሙን ማቅለል ግን ይቻላል።

“ሰው መታከሚያ አጥቶ ለውሻ?” የምትሉ ትኖራላችሁ። ገብቶኛል፣ የመድኃኒት ዋጋ ቀልድ አይደለም። ግን ብዙው ነገር ብር አይጠይቅም። ሲሚንቶ ላይ ከሚተኛ አሮጌ ፍራሽ አንጥፉለት፣ የክረምቱ ቅዝቃዜ ሕመሙን ያብስበታል። ከሰንሰለቱ ፍቱትና በቀን ሁለት ሦስቴ አጠር አጠር እያደረጋችሁ አንሸራሽሩት። ወፍሮ ከሆነ ምግቡን ቀነስ አድርጉ።

ምግብ ካነሳን፣ የእኛ አገር ውሻ የሚበላው የወጥ ትራፊ ነው። ወጥ ያለ ሽንኩርት አይሠራ ነገር! ሽንኩርት ደግሞ ቢበስልም የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። የበሰለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። ሥጋው ድስት ከመግባቱ በፊት ትንሽ ቀንሶ ለብቻው መቀቀል ያን ያህል ይከብዳል? ኩላሊቱን ለታመመው ግን ምን ያህል ሥጋ እንደሚበቃው ሐኪሙን ጠይቁ።

አደራ፣ ከቤት የተገኘ ኪኒን አትስጡት። ፓራሲታሞል ጉበቱን፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ጨጓራውንና ኩላሊቱን ሊጎዱ፣ ሊገድሉትም ይችላሉ። “ግማሹን ብቻ” ብሎ ነገር የለም። ለውሻ ተብሎ የተሠራ የሕመም ማስታገሻ አለ፣ የሚያዘው ደግሞ የእንስሳት ሐኪም ነው። ከመሄዳችሁ በፊት አነሳሱንና አረማመዱን በስልክ ቅረጹ፤ ክሊኒክ ሲደርስ ደንግጦ ሕመሙን ሊደብቅ ይችላል።

ምንም የማይረዳበት ቀን ይመጣ ይሆናል። ያኔ ሐኪም በመርፌ ያለ ስቃይ እንዲያሳርፈው መወሰን ከባድ ነው፤ እኔ ግን ጭካኔ አልለውም። ጭካኔ የምለው በሌሊት መኪና ላይ ጭኖ መጣሉን ነው። የተጣለው ውሻ መንጋ ውስጥ ይገባል፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን የሚያስታውስለት አይኖርም፣ በዚያው መንገድ ደግሞ በጠዋት ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆች አሉ።