ዕዳ የፈረመ ተመጽዋች አይደለም



ውድ የአቃቂ ቃሊቲ ጀመዓዎች! ከመድረሳችን ቁርኣን አኽትማ ዩኒቨርሲቲ የገባች አንዲት ልጃችን በሴሚስተር እረፍት መጥታ የነገረችኝን ላካፍላችሁ። ዶርም ውስጥ ከጓደኞቿ ጋር መግሪብ ስትሰግድ ያገኛት ኃላፊ፣ «መንግሥት እያበላሽ፣ እያስተኛሽ፣ በነፃ እያስተማረሽ የምን ጀመዓ ሰላት ነው? ካልተመቸሽ መውጣት ትችያለሽ» አላት። ልጅቷ አንገቷን ደፋች። እኔ ግን እንዲህ ያለ ንግግር ያለ መልስ እንዲያልፍ አልፈልግም።

«በነፃ» የሚለው ቃል ሐሰት ነው። ነፃ የነበረው ድሮ ነው። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ ሁሉ የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል። በውሉ መሠረት የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ተመርቆ ይከፍላል። ሥራ ሲይዝ በየወሩ ከደመወዙ ቢያንስ 10 በመቶ ይቆረጥበታል። መምህር የሚሆነው እንኳ በአገልግሎቱ ይከፍላል። ኦርጅናል ዲግሪውን የሚያገኘው ዕዳውን ሲጨርስ እንደሆነ ተመራቂ ሁሉ ያውቃል። ታዲያ ያቺ ልጅ በካፌው የምትበላው የማንን እንጀራ ነው? በፊርማዋ የገዛችውን የራሷን እንጀራ ነው!

«የቀረውን የትምህርት ወጪ መንግሥት ይሸፍናል» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። ግን ገንዘቡ ከየት መጣ? አባቷ የፋብሪካ ሠራተኛ ነው፤ ደመወዙ እጁ ከመግባቱ በፊት ግብር ይቆረጥበታል። ዕቃ ሲገዛ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይከፍላል። ግብር ሲሰበሰብ ሙስሊም ነህ ወይ ብሎ የጠየቀው የለም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 41 በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄዱ አገልግሎቶች ሁሉም ዜጋ በእኩልነት የመጠቀም መብት አለው ይላል። መብት ደግሞ ውለታ አይቆጠርበትም።

ዲናችንም በዚህ ላይ ግልጽ ነው። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ፣ የበቀራ ምዕራፍ 282ኛው፣ ስለ ዕዳ መጻፍ ነው። ዕዳ የሚጻፈው ተበዳሪው እንዳይክድ፣ አበዳሪውም ከተጻፈው በላይ እንዳይጠይቅ ነው። በውሉ ላይ ብር እንጂ ሰላት አልተጻፈም፤ ሒጃብም አልተጻፈም። በዚያው ምዕራፍ ሰደቃን በመመጻደቅ ማበላሸት ተከልክሏል። ሰጪ እንኳ በሰጠው ካልተመጻደቀ፣ አበዳሪ በምን አፉ ይመጻደቃል?

አንቀጽ 90ን የሚጠቅሱም አሉ። ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ በሆነ መንገድ ይሰጥ የሚለው ስለ ትምህርቱ አሰጣጥ ነው። ፊዚክስ በፊዚክስነቱ ይሰጥ! የተማሪዋ ግንባር ሱጁድ ማድረግ ግን የፊዚክሱን ትምህርት አይነካም። አንቀጽ 27 የእምነት ነፃነትን ሲሰጥ «ካምፓስ ያልገባ ብቻ» አላለም።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን። «ሒጃቧን ከምትጥል ትምህርቱ ይቅርባት» የምትሉ አባቶች፣ በአላህ ይሁንባችሁ፣ ይህን አታድርጉ! ልጃችሁን ቤት ስታስቀምጡ ያ ኃላፊ የፈለገውን በገዛ እጃችሁ ሰጣችሁት። ወንበሯም ይወሰዳል፣ የተማረችበት ጊዜ ዕዳም ይቀራል። መልሱ መውጣት ሳይሆን እየተማሩ መብትን መጠየቅ ነው።

ስለዚህ፦ ልጆቻችን ውሉን አንብበው ይፈርሙ፣ ኮፒውንም ይያዙ። «ውጪ» የሚላቸው ኃላፊ ሲመጣ ሳይሳደቡ፣ ሳይጋፉ፣ «በጽሑፍ ይስጡኝ» ይበሉ። ክልከላው ሕጋዊ ከሆነ መጻፍ አይከብደውም። እኛም በየመስጂዳችን ለትራንስፖርትና ለደብተር የቸገራቸውን እንደግፍ። ዘካ ከሚገባቸው ስምንቱ ወገኖች መካከል ባለዕዳዎች ይገኛሉ፤ ሥራ አጥተው በዚህ ዕዳ የተያዙ ተመራቂዎቻችን ከነሱ ይቆጠሩ እንደሆነ ዑለሞቻችንን እንጠይቅ።

የመረጥናቸው ወኪሎቻችን እዚሁ ክፍለ ከተማችን፣ ቃሊቲ እስር ቤት ገብተው የነበሩት መብታችንን በሰላም ስለጠየቁ ነበር። እነሱ ያኔ ከአጥር ውስጥ ሆነው አንገታቸውን ካልደፉ፣ ልጆቻችን በፈረሙበት ማዕድ ፊት ለምን ይደፋሉ?

ድምፃችን ይሰማ!
አላሁ አክበር!