ዓይነ ርግቡ የማን ነው?

ቮግ አረቢያ የተባለው የፋሽን መጽሔት የመጀመሪያውን የወረቀት እትሙን ያወጣው በማርች 2017 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቮግ በ1892 ኒው ዮርክ ውስጥ ተጀምሮ በ1909 ኮንዴ ናስት የገዛው መጽሔት ሲሆን በብዙ አገሮች የየራሱ እትም አለው። የአረቡ ዓለም ግን እስከዚያ ድረስ የእኔ የሚለው ቮግ አልነበረውም። አዲሱ መጽሔት መቀመጫውን ዱባይ አድርጎ፣ በአረብኛና በእንግሊዝኛ፣ 22ቱን የአረብ ሊግ አገሮች አንባቢዎቼ ብሎ ተነሣ። ዋና አዘጋጇ ዲና አልጁሃኒ አብዱላዚዝ የተባለች ሳዑዲ ነበረች። ሽፋኑ ላይ የወጣችው ደግሞ በዓለም የታወቀችው ሞዴል ጂጂ ሃዲድ ናት፤ ራሷን በጌጥ በተሠራ ዓይነ ርግብ ሸፍና።

በፋሽን መጽሔት ፓስተርን ምን አገባው የምትሉ አትጠፉም። ያገባናል። በጉባኤዎቻችን መካከል ልጇ ወይም እህቷ አረብ አገር ያልሠራችባት ቤተሰብ ብትፈለግ ብዙ አትገኝም። ደግሞም ልብስ በእግዚአብሔር ቃል ውስጥ ትንሽ ነገር አይደለም። ርብቃ ይስሐቅን ከሩቅ ስታየው መሸፈኛዋን ወስዳ ተከናነበች (ዘፍጥረት 24)፤ አክብሮት ነበር። ከጥቂት ምዕራፎች በኋላ ትዕማር ይሁዳ እንዳያውቃት ተሸፍና በመንገድ ዳር ተቀመጠች (ዘፍጥረት 38)፤ ያ ደግሞ መብቷን የነፈጋትን ሰው ለመያዝ ነበር። ሙሴም ፊቱ ስላበራ መጋረጃ አደረገ (ዘጸአት 34)። ጨርቁ ጨርቅ ነው። ማን ለበሰው፣ በማን ፊት፣ ለምን የሚለው ነው ነገሩን የሚለየው። እኛም መጽሔቱን የምንመዝነው በዚህ ነው።

በእኛ በወንጌላውያን ዘንድ ስለ ልብስ ሁለት የተለመዱ ፈጣን ፍርዶች አሉ። አንዱ ሁሉን ዓለማዊ ነው ብሎ ይዘጋዋል፤ ሌላው ልብ ንጹሕ ከሆነ ምን ቸገረ ብሎ ያልፈዋል። የፊተኛው ወገን 1ኛ ጴጥሮስ 3ን ይጠቅሳል። ነገር ግን ያው ቁጥር ከሹሩባና ከወርቅ ጋር ልብስ መልበስንም ይዘረዝራል፤ በዚያ አነባበብ ሹሩባ የከለከሉ አባቶች ልብስን አለመከልከላቸው መልካም ሆነ! ሐዋርያው የሚናገረው ውበት ከየት እንደሚጀምር ነው እንጂ ስለ ፀጉር አሠራር ደንብ አያወጣም። የኋለኛው ወገን ደግሞ ኢሳይያስ ምዕራፍ 3ን አላየውም ማለት ነው። ነቢዩ የኢየሩሳሌምን ሴቶች ጌጥ፣ አልቦውንም ቀለበቱንም ዓይነ ርግቡንም፣ አንድ በአንድ ይቆጥራል። ከዚያ ቀደም ብሎ ግን በዚያው ምዕራፍ ከድሆች የተበዘበዘው በአለቆች ቤት እንዳለ ተናግሯል። ጌጡ የተቆጠረው ብዝበዛው ከተነገረ በኋላ ነው። ይህን ቅደም ተከተል ያዙልን፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

በመጽሔቱ መልካም ያየነውን እንናገር። የአረብ ሴት ለረጅም ዘመን የሌላ ሰው ካሜራ ያየላትን ብቻ ሆና ኖራለች፤ ወይ ምሥጢር፣ ወይ አዛኝ የሚፈልግ ጭቁን። የራሷ አገር ሴት ወንበሩ ላይ ተቀምጣ እኛ እንዲህ ነን ማለቷ ትልቅ ነገር ነው። በገላ መገለጥ ለሚነግድ ሙያም በተሸፈነ ራስ መጀመር ያልተለመደ ነው። ይህን ለመካድ ምክንያት የለንም።

ጉድለቱ ግን እዚያው ሽፋኑ ላይ ነው። ጂጂ ሃዲድ ካሊፎርኒያ ያደገች ናት፤ አባቷ ፍልስጤማዊ፣ የተወለደውም ናዝሬት ነው። (ከናዝሬት ስለ ወጣ ሰው ቸኩሎ መፍረድ ምን እንደሚያስከትል ከናትናኤል ተምረናል፤ ስለዚህ አረብ አይደለችም ከሚሉት ጋር አንተባበርም።) ነገር ግን ዓይነ ርግቡ የኑሮዋ አይደለም፤ ለዕለቱ ፎቶ የተሰጣት ነው። ብዙ ሙስሊም ሴቶች ያኔ የጠየቁት ይህንኑ ነበር፤ እኛ ስንለብሰው የምንሰደብበት፣ እሷ ስትለብሰው ጥበብ የሚሆነው ለምንድን ነው? ነገሩ የቅንጦት ቅሬታ አልነበረም። በዚያው ወር፣ ማርች 14 ቀን 2017፣ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ቤልጅየም ውስጥ በእንግዳ ተቀባይነት ትሠራ በነበረች ሴት ጉዳይ ላይ ውሳኔ ሰጥቷል። አንድ ቀጣሪ የእምነት ምልክቶችን ሁሉ በእኩል የሚከለክል ደንብ ካለው ሂጃብንም መከልከል ይችላል የሚል ነው። አንዷ በራሷ ላይ ባለው ጨርቅ እንጀራዋን አጣች፤ ሌላዋ በአንድ ቀን ጨርቅ ሽፋን ላይ ወጣች።

የ22ቱ አገሮች ጉዳይም አለ። ሱዳን፣ ሶማሊያና ጅቡቲ፣ እነዚህ ጎረቤቶቻችን፣ ከእነሱ መካከል ናቸው። አካባቢውን ለዓለም አስተዋውቃለሁ ያለ መጽሔት ዓለም አስቀድሞ የሚያውቀውን ፊት መረጠ። በዚህ ሞዴሏን አንወቅስም፤ ተቀጥራ የሠራች ናት። ምርጫው የአሳታሚዎቹ ነው።

ለፎቶ ብቻ የሚለበስ ሻሽ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ለመሄድ የፈለጉ ብዙ ክርስቲያን ልጆቻችን በደላላ ምክር ስማቸውን ለውጠው፣ ራሳቸውን ሸፍነው፣ የፓስፖርት ፎቶ ተነሥተዋል። አሠሪዎች ሙስሊም ሠራተኛ ይመርጣሉ ስለተባለ ትዕግሥት ዘሃራ ሆነች፣ ማርታ ፋጡማ ሆነች። ከፋላ በሚባለው ሥርዓት የመኖሪያ ፈቃዷ በአሠሪዋ እጅ ነው፤ ፓስፖርቷንም ብዙ ጊዜ ማዳም ትይዘዋለች። የማዳምን አባያ አጥባ የምትተኩሰው እርሷ ናት። አካባቢው እንዲህ ይለብሳል ሲባል ያንን ልብስ ንጹሕ ያደረገው እጅ አይነሣም። ከኢሳይያስ ያዙልን ያልነው ቅደም ተከተል ይህ ነው።

በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ከሳዑዲ ዓረቢያ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ሲመለሱ ከእህቶቻችን አንዳንዶቹ በየአጥቢያችን መጥተው አንድ ጥያቄ ጠየቁን። በውሸት ስም ስጠራ የኖርኩት ዓመት ሁሉ እግዚአብሔር የት ነበር? ከመካከላቸው ሌሊት ሌሊት በመታጠቢያ ቤት ቆልፋ ስትጸልይ በየትኛው ስሟ እንደምትቀርብ ግራ የገባት ነበረች። እኛ ዳንኤልን አነበብንላት። ባቢሎናውያን ብልጣሶር ብለውት፣ የእነርሱን ሥራ ሠርቶላቸው፣ መስኮቱን ወደ ኢየሩሳሌም ከፍቶ ይጸልይ ነበር፤ እግዚአብሔርም ማን እንደሆነ አልጠፋበትም። ስም መለወጡ ትክክል ነበር አላልናትም፤ ውሸት ውሸት ነው። ነገር ግን ድህነት ያስለበሳትን ልጅ ልብሱን ለገንዘብ ካለበሳት ደላላ ጋር በአንድ ሚዛን አናስቀምጣትም።

ወደ መጽሔቱ እንመለስ። ዲና አልጁሃኒ ሁለት እትም ብቻ አውጥታ በዚያው ዓመት ኤፕሪል ተሰናበተች። በጁን ደግሞ ሃሊማ አደን ሽፋኑ ላይ ወጣች። ሃሊማ ከሶማሊያውያን ወላጆች ኬንያ ውስጥ በካኩማ የስደተኞች ካምፕ የተወለደች፣ ሂጃቧን በእምነት የምትለብስ ናት። ለተቺዎቹ ከዚህ የተሻለ መልስ አይገኝም ያልን ብዙ ነበርን። ነገር ግን በ2020 ሃሊማ ራሷ ከፋሽን ትርዒት ሥራ መውጣቷን ተናገረች። በአንድ ማስታወቂያ በሂጃብ ፈንታ ጂንስ ሱሪ በራሷ ላይ መጠምጠሙን በጸጸት አነሣች፤ ከእምነቷም እየራቀች እንደነበር ገለጸች። እምነቷ የእኛ አይደለም። ሆኖም ለእንጀራ ሲባል ጥቂት በጥቂት የሚሸረፍ ኅሊና ምን እንደሚመስል ከእርሷ ታሪክ የማይማር ክርስቲያን የለም። የመጀመሪያው እትም ችግር ሽፋኑ ላይ ትክክለኛዋን ሴት በማስቀመጥ ብቻ የሚፈታ አልነበረም ማለት ነው። የሚሸጠው ዓይነ ርግቡ እስከሆነ ድረስ ለባሿ ተለዋጭ ናት።

አሁን ደግሞ ወደ ቤታችን። እኛ መጽሔት ብናወጣ ሽፋኑ ላይ ማንን እናወጣ ነበር? መልሱ በየአስፋልቱ ዳር በተሰቀለው ባነር ላይ ይታያል። ሙሉ ልብስ ከነከረባቱ፣ እጅ ወደ ላይ፣ ከስሙ በፊት ሁለት ሦስት ማዕረግ፣ የእንግዳው አገልጋይ ፎቶ ከጌታ ስም ይልቅ ጎልቶ። ያዕቆብ ምዕራፍ 2 ላይ የወርቅ ቀለበት ያለው ሰው በመልካም ስፍራ ሲቀመጥ ድሃው ከእግር መረገጫው በታች ተቀመጥ የተባለው ጉባኤ የቮግ ዝግጅት ክፍል አልነበረም። ከሪያድና ከቤይሩት በላኩት ገንዘብ ኪቦርድ የገዙልን፣ ቆርቆሮ ያለበሱልን እህቶች አሉ። በየትኛውም ባነር ላይ አይተናቸው አናውቅም። ሲመለሱም ምስክርነት እንዲሰጡ የምንጠራቸው ስጦታ ይዘው ሲመጡ ነው፤ ባዶ እጃቸውን የተመለሱት ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ይሄዳሉ።

በሚቀጥለው ወር ኮንፈረንስ ያላችሁ አጥቢያዎች፣ ባነሩ ገና ካልታተመ ጊዜ አላችሁ።